ከነጥብ በኋላ ስድስት አኃዝ

በዴዴሳ ወንዝ ጉማሬ አለ፤ በፊንጫ ግድብ ቆሮሶ ይጠመዳል። ዶልፊን ግን ወለጋ ውስጥ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ያም ሆኖ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሀሩ ወይም በደምቢ ዶሎ ቡና ለቅሞ የሚያደርቅ ገበሬ ከእንግዲህ በአውሮፓ ገበያ ምን እንደሚጠየቅ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዶልፊን ቢጀምር ይሻለዋል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ሐሳብ ነው፦ ሀብታም ገዢ የገበያውን በር ይዞ፣ «ዕቃህ ጥሩ መሆኑ አይበቃኝም፤ ሲመረት ምን እንደጠፋበት አስረዳኝ» ይላል። ይህ ሐሳብ በሰፊው የተፈተነው ባሕር ላይ ነው፤ እዚያ ያስከተለውም በዝርዝር ይታወቃል።

በምሥራቃዊው ሞቃታማ ፓሲፊክ ቢጫ ክንፍ ያለው ቱና ከዶልፊን መንጋ ሥር ተጠግቶ ይዋኛል። ዶልፊን አየር የሚተነፍስ አጥቢ እንስሳ ስለሆነ ብቅ ጥልቅ ይላል፤ ከሩቅ ይታያል። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የቱና አጥማጆች ይህን እንደ ምልክት ተጠቀሙበት። ዶልፊኖቹን በፈጣን ጀልባ አሳድደው አንድ ቦታ ያከማቻሉ፤ ዙሪያቸውን በግዙፍ መረብ ይከባሉ፤ ከዚያ የመረቡን የታችኛውን ጠርዝ በገመድ ሰብስበው ይዘጉታል። ቱናው ይያዛል፤ ዶልፊኑም መረብ ውስጥ ታፍኖ ይሞታል። በዚህ ዘዴ ያለቁት ዶልፊኖች ከ6 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። ማንም ሊበላቸው ወይም ሊሸጣቸው አልፈለገም፤ የሞቱት ቱናው አጠገብ ስለተገኙ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የባሕር አጥቢ እንስሳት ጥበቃ ሕግን ፈረሙ። በሕጉ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ብዙ ሰው ልብ ያላለው አንቀጽ ነበረ፦ አሜሪካ ለራሷ አጥማጆች ካስቀመጠችው ልክ በላይ የባሕር አጥቢ እንስሳትን በሚገድል ዘዴ የተያዘ ዓሣ ወደ አገሯ እንዳይገባ ያዛል። አንቀጹ ሕይወት የዘራው ሳም ላቡዲ የተባለ የሥነ ሕይወት ባለሙያ ማሪያ ሉዊሳ በተባለች የፓናማ መርከብ ላይ ተቀጥሮ፣ መረብ ውስጥ የሚሞቱትን ዶልፊኖች በቪዲዮ ካሜራ ከቀረጸ በኋላ ነው። ፊልሙ በ1988 በቴሌቪዥን ታየ። በኤፕሪል 1990 ሦስቱ ትልልቅ የአሜሪካ የቱና ኩባንያዎች ዶልፊን ተከቦ የተያዘ ቱና እንደማይገዙ አስታወቁ። ዛሬ ነቀምቴ ሱቅ ውስጥ በሚሸጥ የቱና ቆርቆሮ ላይ ትንሽ የዶልፊን ሥዕል ቢታይ መነሻው ይኸው ነው።

ሜክሲኮ ግን ዝም አላለችም። ቱናዋ ሲታገድ ወደ ጋት፣ ማለትም ወደ ዛሬው የዓለም ንግድ ድርጅት ቅድመ አያት፣ ሄደች፤ በ1991 የተሰየመው ጉባኤ ለእርሷ ፈረደ። የሜክሲኮ ክርክር ቀላል ነበር፦ ቱና ቱና ነው፤ እንዴት እንደተያዘ ዕቃውን አይለውጠውም፤ አንድ አገርም የራሱን ሕግ በሌላው ባሕር ላይ ሊያስፈጽም አይችልም። ያ ውሳኔ በይፋ አልጸደቀም፤ ጭቅጭቁም አላበቃም። በቆርቆሮው ላይ ያለውን ምልክት ተከትሎ በ2008 እንደገና ተከፈተ፤ አሜሪካ ደንቧን ደጋግማ ካሻሻለች በኋላ በ2018 ለአሜሪካ ተፈርዶ ተዘጋ።

በዚህ ሁሉ የፍርድ ቤት ወሬ ውስጥ አንድ ነገር ይረሳል። ዶልፊኖቹን ያዳነው ዘዴ የተገኘው ከጠበቆች ቢሮ ሳይሆን ከራሳቸው ከአጥማጆቹ ነው። መረቡ ከተዘጋ በኋላ መርከቡ ወደ ኋላ ሲሄድ የመረቡ አንድ ጠርዝ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል፤ ዶልፊኑ በላዩ አልፎ ይወጣል፤ ቱናው ታች ይቀራል። ሕጉ ያደረገው ይህን የሚያውቁት ሁሉ በእርግጥ እንዲያደርጉት ማስገደድ ነው፤ በየትልልቁ መርከብ ላይ አንድ ታዛቢ እንዲሳፈር ተደረገ። በ1986 ብቻ ከ130,000 በላይ ዶልፊኖች ሞተዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሚሞቱት በዓመት ጥቂት ሺህ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ «የገበያ በር መዝጋት የድሃ አገርን ከማጉላላት በቀር ለተፈጥሮ አይጠቅምም» የሚለው ስሞታ፣ አዲስ አበባም ሆነ ነቀምቴ ቢደመጥ፣ ማስረጃው አይደግፈውም። ሊጠቅም ይችላል። ጥያቄው ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ነው።

ከቱና ውጭ ላሉት ዓሦች የ1972ቱ አንቀጽ ለአሥርተ ዓመታት ተኝቶ ቆየ። የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ከሰሱ፤ በ2016 ዝርዝር ደንብ ወጣ፤ ለአገሮች አምስት ዓመት መሰናጃ ተሰጠ፤ ቀነ ገደቡ ሲደርስ ተራዘመ፤ እንደገና ተራዘመ። በመጨረሻ በሴፕቴምበር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የ46 አገሮችን 240 የማስገር ዘርፎች «መስፈርቱን አላሟሉም» አለ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮም ዓሣቸው እንዳይገባ ወሰነ። ልብ ሊባል የሚገባው የመመዘኛው ዓይነት ነው። የሚጠየቀው መንግሥት ነው፤ ለእያንዳንዱ ዘርፍ በመረቡ ስንት የባሕር አጥቢ እንደሚሞት የሚከታተል ሥርዓት እንዳለው ማሳየት አለበት። ሥርዓቱ ከሌለ፣ ዶልፊን ባይገድል እንኳ፣ አለመግደሉን ማስረዳት አይችልም። ትንሹ አጥማጅ ግን ለየብቻው ፎርም ሙላ አይባልም።

ወደ ወለጋ ስንመጣ ነገሩ የሚለወጠው እዚህ ላይ ነው።

የወለጋ ቡና ለዓለም ገበያ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1902 ዓፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ሆነች፤ ከሰዮና ከጎሬ በበቅሎ የወረደ ቡና ባሮ ወንዝ ዳር ተራግፎ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ካርቱም ይጓዝ ነበር። ጀልባው የሚደርሰው ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ብቻ ስለነበረ ነጋዴው ቡናውን አከማችቶ ዝናብ ይጠብቃል። ነቀምቴም በሌቃ ገዢዎች፣ በሞሮዳና በልጃቸው በኩምሳ ዘመን፣ የምዕራቡ ንግድ የሚተላለፍባት ከተማ ነበረች። የከተማዋ የቀድሞ አጠራር እስከ ዛሬ በላኪዎች ሰነድ ላይ ይገኛል፤ በሐምቡርግም ሆነ በጅዳ ገዢው «ለቀምት» ሲል ያልታጠበውን፣ ፍሬው ተለቅ ያለውን የወለጋ ቡና ማለቱ ነው።

በዚያ ሁሉ ዘመን ገዢው የጠየቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ ከየት አካባቢ ነው? ደረጃውስ ስንት ነው? የማን ጓሮ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። የንግዱ ሰንሰለትም ለዚህ ጥያቄ አልተሠራም። ገበሬው እሸቱን ለቅሞ አልጋ ላይ ያደርቃል፤ ጀንፈሉን በፈረሱላ መዝኖ ለሰብሳቢው ይሸጣል። ሰብሳቢው የብዙዎችን አንድ ላይ ቀላቅሎ ለአቅራቢው ያስረክባል። አቅራቢው በመቀሸሪያ አስቀሽሮ፣ ከሌላ ቀበሌ ቡና ጋር አዋሕዶ፣ ጊምቢ ወይም ሌላ ቦታ ወዳለው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን ይልካል። እዚያ ይቀመሳል፤ ደረጃ ይሰጠዋል። አዲስ አበባ ላይ ላኪው እንደገና ያበጥረዋል። በየደረጃው የሚጠፋው የገበሬው ስም ነው።

አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚይዙ 320 ጆንያዎች፣ ማለትም 19,200 ኪሎ ቡና፣ ይጭናል። አንድ ገበሬ በዓመት 3 ኩንታል የተቀሸረ ቡና ይሸጣል እንበል። ኮንቴይነሩን ለመሙላት የ64 ገበሬዎች ሙሉ የዓመት ምርት ያስፈልጋል። ሰብሳቢዎቹ ከየገበሬው ጥቂት ጥቂት ፈረሱላ ስለሚገዙ ደግሞ በተግባር በአንዱ ኮንቴይነር ውስጥ የመቶዎች ቡና ሊኖር ይችላል።

የአውሮፓ ኅብረት ሕግ የሚመጣው በዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ 2023/1115 ሲሆን ከጁን 29 ቀን 2023 ጀምሮ ጸንቷል። ሰባት ምርቶችን ይመለከታል፦ ከብት፣ ካካዋ፣ ቡና፣ ዘንባባ ዘይት፣ ጎማ፣ አኩሪ አተርና እንጨት። ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በወጣ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ አይገባም። ማስረጃውን ማቅረብ ያለበት አውሮፓዊው አስመጪ ነው፤ የሚያቀርበው ግን የገበሬውን መሬት ነው። ማሳው ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው በካርታ ይሳላል፤ ከዚያ ካነሰ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ የኬንትሮስና የኬክሮስ ቁጥሩ ከነጥብ በኋላ ስድስት አኃዝ ሊኖረው ይገባል። ጥሶ ለተገኘ ኩባንያ የሚጣለው ቅጣት ጣሪያ በኅብረቱ ውስጥ ካለው ዓመታዊ ሽያጭ ከ4 በመቶ እንዳያንስ ተደንግጓል። የጀርመን ቡና ቆዪ ይህን ሲያነብ ስለ ወለጋ ደን ከማሰቡ በፊት ስለ ሒሳብ መዝገቡ ያስባል።

ስድስተኛው አኃዝ መሬት ላይ ሲለካ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የአንድ የቡና እግር ግንድ ስፋት እንደማለት። በዋንዛና በሰሳ ጥላ ሥር የቆመ ሰው የእጅ ስልክ ግን በብዙ ሜትር ሊስት ይችላል። ስልኩ ስድስቱንም አኃዝ ያለ ኀፍረት ይጽፋል፤ ቅጹም ይሞላል። እርግጠኛ የሚመስለው ቁጥር እርግጠኛ አይደለም። ይህ ግን የሕጉ ትንሹ ችግር ነው።

ትልቁ ችግር ቡናውና ደኑ የተዋሐዱ መሆናቸው ነው። ሕጉ የተጻፈው ጫካው ተጨፍጭፎ በምትኩ የግጦሽ ሣር ወይም አኩሪ አተር የሚዘረጋበትን መሬት እያሰበ ይመስላል። ለአማዞን ይሠራል። በወለጋ ግን የቡና ማሳ ራሱ ዛፍ ያለበት ነው፤ የጓሮ ቡና፣ ከፊል የጫካ ቡና፣ በአንፊሎ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ በራሱ የበቀለ የጫካ ቡና አለ። ከሰማይ የሚመለከት ሳተላይት የሚያየው የጥላ ዛፎቹን አናት ነው፤ ሥራቸው ያለውን ቡና አያይም። የኅብረቱ የምርምር ማዕከል ያወጣው የ2020 የደን ካርታ አስገዳጅ ባይሆንም አስመጪዎች መጀመሪያ የሚከፍቱት እርሱን ነው፤ እንዲህ ያለ ካርታ ጥላ ያለውን የቡና ማሳ «ደን» ብሎ ቢቀባው አያስገርምም።

ከዚያ የሚመጣውን አስቡት። የግብርና ባለሙያዎችና የቡናና ሻይ ባለሥልጣን ገበሬው ያረጀ ቡናውን እንዲጎነድል ለዓመታት ሲወተውቱ ኖረዋል። ጉንደላ ምርት ይጨምራል፤ ለሁለት ለሦስት ዓመት ግን ማሳው የተራቆተ ይመስላል፤ ገበሬውም በዚያው ጥላውን ያሳሳል። መምሪያውን የተከተለው ጎበዝ ገበሬ በካርታው ላይ «ደን ጨፍጫፊ» ሆኖ ሊታይ ይችላል። ቡናውን ችላ ያለው ጎረቤቱ ንጹሕ ነው። ነገሩን ማስተካከል ይቻላል፤ ማሳው ድረስ ሄዶ የሚያይና የሚመሰክር ሰው ያስፈልጋል፤ በቱና መርከቡ ላይ ታዛቢው የሚሠራው ይህንኑ ነው። ለመርከብ ታዛቢ ቀጥሮ ማሳፈር ይቻላል። ለሚሊዮኖች ጓሮ ግን ማን ይላካል?

የዲሴምበር 31 ቀን 2020 መስመርም የራሱ ጉድ አለበት። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600,000 ያህል ሰዎችን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር አንገር ጉቲንን ጨምሮ ወለጋ ዋነኛዋ ተቀባይ ነበረች። ለሰፈራው ብዙ ጫካ ተመነጠረ። ያ ሁሉ ለሕጉ አይታይም፤ የተመነጠረው ከመስመሩ በፊት ነው። መስመሩ ያረፈበት 2020 ደግሞ ለወለጋ ክፉ ዓመት ነበር፤ ከጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ ማርች መጨረሻ በምዕራብ ኦሮሚያ በመንግሥትና በታጣቂዎች ግጭት መካከል ስልክና ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ግጭቱ ከዚያም በኋላ ስላልበረደ መሬት ለክቶ የሚመዘግብ ባለሙያ በሰላም የሚደርስበት ቀበሌ እንደየወሩ ይለያያል። ሰላም ያለበት ወረዳ ነጥብ ያገኛል፤ የሌለበት ያጣል፤ ከደን ጋር ምንም የማይገናኝ ምክንያት የገበያውን በር ይዘጋል።

ኢትዮጵያ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ባዕድ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ውስጥ ከልክ ያለፈ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘች። የቡና ገበሬው ፀረ ተባይ ብዙም ስለማይረጭ ጥርጣሬው ያረፈው በጆንያው ላይ ነበር። ከኢትዮጵያ ቡና አንድ አምስተኛ ያህሉን ትገዛ የነበረችው ጃፓን ግዢዋን ክፉኛ ቀነሰች። የተበከለው ቡና ከየት እንደመጣ ለማወቅ ወደ ኋላ መመርመር ቢቻል ኖሮ ጥፋቱ በጥቂቶች ላይ ብቻ ይቀር ነበር። የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቡና በምርት ገበያ በኩል መሸጥ ጀመረ። ምርት ገበያው ለብዙ ነገር ጠቅሟል፤ ክፍያን አፋጥኗል፤ ዋጋን ግልጽ አድርጓል። ቡናን የሚያየው ግን በአካባቢና በደረጃ ነው። ዓለም «የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ በጀመረበት ሰዓት አገሪቱ የማን እንደሆነ የማይታወቅበትን ሥርዓት አቋቋመች ማለት ነው። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051 አቅራቢና ላኪ በቀጥታ እንዲተሳሰሩ በር ሲከፍት ይህ በመጠኑ ተቃለለ። በ1999 እ.ኤ.አ. እንደተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ያሉት ደግሞ አባሎቻቸውን በስም ስለሚያውቁ ከሁሉም የተሻለ መነሻ አላቸው።

አደጋው ግምት ብቻ አይደለም። በዲሴምበር 2023 ሮይተርስ እንደዘገበው አውሮፓውያን ገዢዎች ሕጉ ገና ሥራ ሳይጀምር ከኢትዮጵያ የሚገዙትን መቀነስ ጀምረው ነበር፤ የጀርመኑ ቡና ቆዪ ኩባንያ የዳልማየር ኃላፊም ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያን ቡና በብዛት መግዛት የሚቻልበት መንገድ እንደማይታያቸው ተናግረው ነበር። የአውሮፓ ኅብረት የኢትዮጵያን የውጭ ሽያጭ ቡና ሲሶ ገደማ ይወስዳል። አገሪቱ በ2017 ዓ.ም. በጀት ዓመት 469,000 ቶን ገደማ ልካ 2.65 ቢሊዮን ዶላር አግኝታለች፤ ከዚያ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ገቢ ነው። ሲሶው ቢጓደል ጉዳቱ ለማንም አይጠፋም። ሌላ ገዢ የለም ማለት ግን አይደለም፤ ሳውዲ ዓረቢያ ከቀዳሚዎቹ ደንበኞች አንዷ ናት፤ ስለ ደንም አትጠይቅም። ነጥብ ያለው ቡና ወደ ሐምቡርግ፣ ነጥብ የሌለው ወደ ጅዳ ቢለይ ሕጉ በወረቀት ይፈጸማል፤ መጥረቢያው ግን አይቆምም። አሜሪካ የከለከለችው ዓሣም ባሕር ውስጥ አይቀርም፤ ወደ ሌላ ወደብ ይሄዳል።

ስለ ሕጉ ብዙ የሚባለው ስለ ቀነ ገደቡ ነው። ሊከራከሩበት የሚገባው ግን ነጥቡ የማን እንደሆነ ነው። አንድ ላኪ ባለሙያ ቀጥሮ የአንድን ቀበሌ ማሳዎች ሁሉ ቢያስለካ ቁጥሮቹ የሚቀመጡት በእርሱ ኮምፒውተር ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ላኪ በፈረሱላ የተሻለ ዋጋ ይዞ ቢመጣ ገበሬው ቡናውን መሸጥ ይችላል፤ ነጥቡን ግን ይዞ መሄድ አይችልም፤ አዲሱ ገዢ ቡናውን አውሮፓ ማስገባት አይችልም፤ ስለዚህ የተሻለውን ዋጋ አይከፍልም። ደን ለማዳን የወጣ ሕግ ሳያስበው ገበሬውን ለአንድ ገዢ ያስራል። ሕጉ አስመጪውን ለነጥቡ ለገበሬው ዋጋ እንዲከፍል አያስገድደውም፤ ነጥቡ ለገበሬው እንዲሰጥም አያዝም። ቡናና ሻይ ባለሥልጣኑ የማሳ መረጃ ማሰባሰቡን ተያይዞታል። ያ መዝገብ ገበሬው በመታወቂያው ወይም በመሬት ይዞታ ደብተሩ ጠይቆ ለፈለገው ገዢ የሚያሳየው ከሆነ ጉዳዩ ይፈታል፤ በየላኪው የተበታተነ ከሆነ ግን አይፈታም። የዓሣው ሕግ የተሻለ ፍትሕ ያለው በዚህ ነው፤ ጥያቄውን ያቀረበው ለመንግሥት ስለሆነ መልሱም የሁሉም አጥማጅ ይሆናል።

ቀነ ገደቡ እንደ ዓሣው ሁሉ ሁለት ጊዜ ተገፍቷል። በመጀመሪያ ከ2024 ወደ 2025 ተዛወረ፤ በዲሴምበር 2025 ደግሞ ለትልልቅና መካከለኛ ኩባንያዎች ወደ ዲሴምበር 30 ቀን 2026፣ ለትንንሾቹ ወደ ጁን 30 ቀን 2027 ተላለፈ። የአውሮፓ ኮሚሽንም ሕጉ እንዴት እንደሚቀልል እንዲገመግም ታዟል። ዲሴምበር 30 ቀን 2026 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። በወለጋ ለቀማው ገና ያላለቀበት፣ ቀድሞ የተለቀመው ጀንፈል ደግሞ ዋጋ እስኪወጣ ጎተራ የሚጠብቅበት ወቅት ነው። በዚያ ዓመት ጊምቢ መጋዘን የሚደርሰው ጆንያ አውሮፓ ሲገባ ነጥቡን ይዞ መገኘት አለበት፤ ሳውዲ ሲገባ አያስፈልገውም። አቅራቢው ሁለቱን ለይቶ ለመግዛት ከፈለገ ከመስከረም በፊት የትኛው ሰብሳቢ ከየትኛው ቀበሌ እንደሚገዛ መወሰን ይኖርበታል።